የመሪ ፓምፕ ፑሌጋ በምን ይውጣ? በምን ይግባ?

ከጥቂት ዓመታት በፊት የመኪናዬ የመሪ ፓምፕ ዘይት ማንጠባጠብ ጀመረ። ነገሩ ቀላል ነበር። በፓምፑ ፊት ያለችው የዘይት ማገጃ ጎማ አርጅታለች፤ እሷ ትቀየራለች፣ በቃ። ጎማዋ ጋ ለመድረስ ግን ፑሌጋው፣ ማለትም በፓምፑ ፊት የሚዞረው ክብ ብረት፣ መውጣት አለበት። ሥራውን የያዘው ልጅ ባለ ሦስት እግር መንቀያ አመጣ። የፑሌጋውን ጠርዝ ይዞ ጠመዘዘ። ወጣለት። ሲመልሰው ደግሞ እንጨት አስደግፎ በመዶሻ መታው። ገባለት።

በማግሥቱ አጋሮ ሳልደርስ ቺንጋው (ፑሌጋውን የሚያዞረው ቀበቶ) መጮህ ጀመረ። ፑሌጋው ጠርዝ ላይ ያለችው ትንሽ መጣመም በዓይን አትታይም ነበር፤ ቺንጋው ግን አውቋታል። በሳምንቱ ቺንጋው ጎኑ ተበልቶ ተበጠሰ። ወር ሳይሞላ ፓምፑ ራሱ ማጓራት ጀመረ። በአንዲት ጎማ የተጀመረ ሥራ በሙሉ ፓምፕ አለቀ። ፓምፑ ከአዲስ አበባ እስኪመጣም መኪናዋ ጅማ ላይ ቆመች። ልጁ ጎበዝ ሠራተኛ ነው። የጎደለው መሣሪያው ነበር። እኔም እንዲህ ዓይነት መሣሪያ መኖሩን አላውቅም ነበር፤ ባውቅ ኖሮ ቀድሜ እጠይቅ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ነገሩን ተከታትዬዋለሁ። ለመኪና ባለቤቶችም፣ አዲስ ጋራዥ ለሚከፍቱ ልጆችም ይጠቅማል ብዬ የማምነውን ልጻፍ።

ፑሌጋ ማለት ቺንጋው የሚዞርበት ክብ ብረት ነው። ሞተሩ ቺንጋውን ያዞራል፣ ቺንጋው ፑሌጋውን፣ ፑሌጋው ደግሞ የፓምፑን ሻፍት (መሃል ላይ ያለውን ዘንግ)። ፓምፑ ዘይት ጨምቆ ወደ መሪው ይልካል። መሪው ለእጅ የሚቀለው ለዚህ ነው። የሚጨምቅበት ጉልበት ቀላል አይደለም። የቤት መኪና ጎማ ውስጥ ያለው አየር 2 ባር (ባር የግፊት መለኪያ ነው) ምናምን ነው። የመሪ ፓምፕ ግን መሪው እስከ ጥግ ሲዞር ከ70 ባር በላይ ሊደርስ ይችላል። ይህን ሁሉ ጉልበት ወደ ፓምፑ የሚያስገባው ፑሌጋው ስለሆነ ሻፍቱን አጥብቆ መያዝ አለበት። ለማውጣት የሚያስቸግረውም ለዚሁ ነው።

መሣሪያ ከመግዛታችሁ በፊት ግን ኮፈኖውን ክፈቱ። አብዛኞቹ ቪትዝና ያሪስ፣ አዳዲሶቹ ኮሮላዎችም መሪያቸው በኤሌክትሪክ ሞተር ነው የሚታገዘው። የመሪ ፓምፕም፣ የመሪ ዘይትም የላቸውም። ብዙ የጭነት መኪኖችና አንዳንድ የናፍጣ ሞተሮች ላይ ደግሞ ፓምፑ አለ፣ ቺንጋና ፑሌጋው ግን የለም። ከሞተሩ ጥርስ ጋር ተናክሶ ነው የሚዞረው። ለእነዚህ መኪኖች ይህ ሁሉ ወሬ አያስፈልግም።

ፑሌጋ ካለ፣ ፊት ለፊቱን በጨርቅ ጠርጉና በባትሪ እዩት። መሃሉ ላይ ዳዶ (በቁልፍ የሚፈታ፣ ውስጡ ጥርስ ያለው ብረት) ታስሮ ካያችሁ ዕድለኛ ናችሁ። ብዙ የቆዩ ቶዮታዎች እንዲህ ናቸው። ሻፍቱ ላይ ትንሽ የብረት ሽብልቅ አለች፤ ፑሌጋው እንዳይሾር የምትይዘው እሷ ናት። ዳዶው ሲፈታ ፑሌጋው አብዛኛውን ጊዜ በእጅ ይወጣል። እዚህ ላይ የሚያስፈልገው ልዩ መንቀያ ሳይሆን ዳዶው ሲፈታ ፑሌጋው እንዳይዞር የሚይዝ ነገር ነው። በፑሌጋው ቀዳዳ ካቻቢቴ ሰክቶ መያዝ የተለመደ ነው፤ ቀዳዳውን ይቀደዋል፣ ፑሌጋውንም ያጣምመዋል። አሮጌ ቺንጋ ዙሪያውን ጠምጥሞ መያዝ በጣም ይሻላል። ሽብልቋን ደግሞ እንዳትጥሏት። ከሣር ውስጥ እሷን መፈለግ ግማሽ ቀን ይበላል።

ሌሎች መኪኖች ላይ፣ በተለይ አንዳንድ የአውሮፓዎቹ ላይ፣ ፑሌጋው በሦስት ቡሎን ይታሰራል። ቡሎኖቹን ቺንጋው ገና ተወጥሮ ሳለ ላላ አድርጓቸው፤ ቺንጋው ፑሌጋውን ይይዝላችኋል። ይኸው ነው።

ጣጣ ያለው ሦስተኛው ዓይነት ነው። መሃሉ ላይ ዳዶ የለም፣ ቡሎን የለም። ሻፍቱ በፑሌጋው መሃል ወጥቶ ይታያል፤ የሻፍቱ ጫፍ ላይ ባዶ ቀዳዳ አለ፣ ቀዳዳው ውስጥ የብሎን ጥርስ አለ። ፑሌጋው በጉልበት ተጨምቆ የገባ ነው። የመጥረቢያ እጀታ እንዴት እንደሚገባ አስቡ። እንጨቱ ከቀዳዳው ትንሽ ወፈር ብሎ ይጠረባል፣ ተገፍቶ ይገባል፣ ከዚያ በኋላ የሚይዘው ጥበቱ ራሱ ነው። እዚህም እንደዚያው ነው። የፑሌጋው ቀዳዳ ከሻፍቱ በጥቂት መቶኛ ሚሊሜትር ይጠባል። መቶኛ ሚሊሜትር በዓይን አይታይም። ብረት ላይ ግን ሰው በእጁ የማያላቅቀው ጭብጥ ነው።

መዶሻ ለምን ክፉ እንደሆነ ለመረዳት ፓምፑ ውስጥ ያለውን ማሰብ ይጠቅማል። ሻፍቱ ወደ ፓምፑ ውስጥ ዘልቆ ስስ የብረት ምላሶች የያዘ ክብ ብረት ያዞራል። ምላሶቹ ከግድግዳው ጋር ተጠጋግተው ነው የሚሽከረከሩት፤ ክፍተታቸው እጅግ ትንሽ ነው። ሻፍቱን ኩሽኔታ (ያለ ፍትጊያ እንዲዞር የሚያደርገው ክብ ዕቃ) ይዞታል፣ ቀለበት አስሮታል፣ የጎማ ማገጃ ከቦታል። ፑሌጋውን በመዶሻ ወደ ውስጥ ስትመቱት ምቱ ፑሌጋው ላይ አይቀርም። በሻፍቱ አልፎ እነዚህ ሁሉ ላይ ያርፋል። ፓምፑ ያን ቀን ላይናገር ይችላል። ከሳምንታት በኋላ ግን ወይ ያንጠባጥባል፣ ወይ ያጓራል።

ባለ ሦስት እግሩ መንቀያ ደግሞ በሌላ መንገድ ያጠፋል። የዚህ ፑሌጋ ጠርዝ አብዛኛውን ጊዜ ከላሜራ የተጨመቀ ስስ ብረት ነው። ወፍራሙ ክፍል መሃሉ ነው፣ ሻፍቱን የያዘው አንገቱ። ጥብቀቱ መሃል ላይ ሆኖ ጠርዙን ስትጎትቱት ጠርዙ ይታዘዛል፣ መሃሉ እምቢ ይላል። ውጤቱ እንደ ሰሃን የተጎደጎደ ፑሌጋ ነው። ፕላስቲክ ከሆነማ ይሰነጠቃል።

ስለዚህ ፑሌጋውን የሠራው ሰው የሚያዝበትን ቦታ አብሮ ሠርቶታል። አንገቱ ላይ ዙሪያውን የሄደ ጎድጓዳ መስመር አለ፣ ከፊቱ ትንሽ ከንፈር። ትክክለኛው መንቀያ የሚይዘው እዚያ ነው። ሁለት ግማሽ ቀለበቶች አሉት። ግማሾቹ አንገቱን ከግራና ከቀኝ ያቅፉታል፣ ከንፈራቸው ጎድጓዳው ውስጥ ይገባል። ከላያቸው ሙሉ ቀለበት ይወርድና እንዳይከፈቱ ይቆልፋቸዋል። ከዚያ መሃል ላይ ያለው ወፍራም ብሎን ሲጠመዘዝ የሻፍቱን ጫፍ ይገፋል። አንገቱ ወደ ውጭ ይሳባል፣ ሻፍቱ ወደ ኋላ ይገፋል። ጉልበቱ በእነዚህ በሁለቱ መካከል ያልቃል። ጠርዙን አይነካም፤ እንደ መዶሻም አያንቀጠቅጥም።

ማስገቢያው ይበልጥ ብልህ ነው። ረጅም ብሎን አለው። ብሎኑ ሻፍቱ ጫፍ ላይ ባለው ጥርስ ውስጥ ይገባል። በላዩ ላይ ኩሽኔታና ትልቅ ዳዶ አለ። ብሎኑን በአንድ ቁልፍ ይዛችሁ ዳዶውን በሌላ ቁልፍ ስታዞሩ፣ ዳዶው ፑሌጋውን ወደ ውስጥ ይገፋል፣ ብሎኑ ደግሞ ሻፍቱን ወደ ውጭ ይስባል። ሁለቱ እርስ በርስ ይሳሳባሉ። ፓምፑ ውስጥ ያሉት ምላሶችና ኩሽኔታ ምንም አይሰማቸውም።

መሣሪያ ስትመርጡ ከሁሉም በላይ ልብ በሉልኝ የምለው የማስገቢያውን ብሎን ጥርስ ነው። ብዙ ሰው የሚወድቀው እዚህ ነው። በሞተር ጉልበት የሚታገዝ መሪ ለገበያ መኪና የቀረበው መጀመሪያ አሜሪካ ውስጥ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1951 በክራይስለር ኢምፔሪያል ላይ። ገበያ ላይ ያለው የመንቀያና ማስገቢያ ስብስብ ብዙው ለአሜሪካ መኪኖች ታስቦ የተቀረጸ ነው። ስለዚህ ዋናው ብሎን የኢንች ነው፦ ሦስት ስምንተኛ ኢንች፣ በአንድ ኢንች ውስጥ 16 ጥርስ። ሌሎች መኪኖች ላይ ግን የሻፍቱ ቀዳዳ በሚሊሜትር ሊሆን ይችላል፤ 10 ሚሊሜትር ወይም 8 ሚሊሜትር።

8ቱ አያደናግርም፣ በግልጽ ቀጭን ነው። አደገኛው 10ሩ ነው። ሦስት ስምንተኛ ኢንች 9.5 ሚሊሜትር ገደማ ነው። የጥርሱ ርቀት 1.59 ሚሊሜትር ነው፤ የተለመደው ባለ 10 ሚሊሜትር ብሎን ደግሞ 1.5። በዓይን ወንድማማች ናቸው። የኢንቹን ብሎን ባለ 10 ሚሊሜትር ቀዳዳ ውስጥ ብትሰዱት ይገባል። ላላ ብሎ፣ እየተወዛወዘ፣ ግን ይገባል። ሰውዬው «ይሄው ገባ» ብሎ ዳዶውን ማጥበቅ ይጀምራል። ጥርሶቹ የተያያዙት በጫፍ በጫፋቸው ብቻ ስለሆነ ጉልበቱ ሲመጣ ተላጭተው ይወጣሉ። የተላጨው የመሣሪያው ጥርስ ብቻ ቢሆን ደግ ነበር፤ የፓምፑ ሻፍት ጥርስም አብሮ ይሄዳል። ከዚያ በኋላ ያንን ፑሌጋ በትክክል የሚያስገባ መንገድ የለም።

መፈተኛው ቀላል ነው። ቀዳዳውን በቤንዚንና በቀጭን ብሩሽ አጽዱት። ብሎኑን በጣት ብቻ አስገቡት። ትክክለኛው ብሎን ሳይወዛወዝና ሳይታገል ወደ ውስጥ ይሄዳል። ከተወዛወዘ ቀጭን ነው። ከሁለት ዙር በኋላ ከታገለ ጥርሱ ሌላ ነው። በሁለቱም ቢሆን ቁልፍ አታንሱ። ዙሩንም ቁጠሩ፤ ብሎኑ ቢያንስ የራሱን ውፍረት ያህል መግባት አለበት። ለ10 ሚሊሜትር ይህ ወደ ሰባት ዙር ነው፣ ለ8 ሚሊሜትርም እንደዚያው ሰባት ግድም። በሁለትና ሦስት ዙር ጥርስ ላይ ፑሌጋ መሳብ ሻፍቱን መጨረስ ነው።

ስለዚህ ስብስብ ስትገዙ ሦስቱም መጠን መኖሩን እዩ። አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ፣ የመኪና ዕቃ ገበያው፣ ለሚሄድ ሰው ምክሬ ፓምፑን ራሱን ይዞ እንዲሄድ ነው። ከጅማ 350 ኪሎሜትር ገደማ ተጉዞ፣ የጊቤን በረሃ ወርዶ ወጥቶ የማይገጥም ዕቃ ይዞ መመለስ ያሳዝናል። ፓምፑ መኪናው ላይ ከሆነ የአንገቱን ውፍረትና የጎድጓዳውን ስፋት በካሊፐር (ውፍረትን በትክክል በሚለካ መሣሪያ) ለክታችሁ ጻፉ፣ ፎቶም አንሱ። ካሊፐር ከሌለ ቶርኖ ቤት፣ ብረት የሚቀርጹበት፣ ጎራ በሉ፤ ለመለካት የሚከለክል ሰው አላጋጠመኝም።

ግማሽ ቀለበቶቹን ስታዩ ከንፈራቸው ስለታም ጥግ ይኑረው። ጥጉ የዞረ፣ ቀለም ብቻ የተቀባ ከሆነ ጉልበት ሲመጣ ከጎድጓዳው ያመልጣል። አንገቱ ላይ አስቀምጣችሁ አንቀሳቅሱት። ዙሪያውን እኩል መቀመጥ አለበት። በአንድ በኩል ብቻ ከያዘ ፑሌጋው ዘንበል ብሎ ነው የሚወጣው። ሲወጣም የሻፍቱን ፊት ይፍቃል። የላይኛው ቀለበት ደግሞ ሳይላላ ይውረድ፤ እሱ ከላላ ግማሾቹ ይከፈታሉ።

ኩሽኔታ ያለው ማስገቢያ ከሌለው ይለያል። ያለ ኩሽኔታ ዳዶው ከፑሌጋው ጋር እየተፋጨ ይዞራል፤ ጉልበታችሁ ግማሹ በፍትጊያ ያልቃል፣ ብሎኑም አብሮ መዞር ይፈልጋል። የብረቱ ነገርም አለ። ርካሹ መሣሪያ አንዴ ሁለቴ ይሠራል፣ ከዚያ ጥርሱ ይለሰልሳል። ለአንድ ሥራ ብቻ ከሆነ ይበቃል ልትሉ ትችላላችሁ። እኔ ግን አልስማማም። መሣሪያው የሚበላሸው ሥራ መሃል ላይ ነው፤ ፑሌጋው ግማሽ ገብቶ ሲቀር ወደፊትም ወደኋላም የለም።

«ቶርኖ ቤት ማሠራት አይቻልም ወይ?» የሚል ጥያቄ ብዙ ጊዜ እሰማለሁ። ማስገቢያውን ይቻላል። ጭንቅላቱ ላይ 10.9 የሚል ቁጥር (የጥንካሬው ምልክት ነው) ያለው ረጅም ብሎን፣ በልኩ የሆነ ጠንካራ ዳዶ፣ ወፍራም ዋሸርና ጠፍጣፋ ኩሽኔታ ካለ ደህና መሣሪያ ይወጣዋል። ቁጥር የሌለው ተራ ብሎን ግን ይሳባል፣ ይበጠሳል። መንቀያውን አልመክርም። የግማሽ ቀለበቶቹ ከንፈር በስሱ ነው ጉልበቱን የሚሸከመው። ተራ ብረት ከሆነ ይታጠፋል፤ ያለ አግባብ ከጠነከረ ደግሞ ተሰብሮ ይፈናጠራል። ጅማ ውስጥ ጎረቤት የሆኑ ሁለት ሦስት ጋራዦች አንድ ደህና ስብስብ በጋራ ቢገዙ ለእኔ ከሁሉ የተሻለው ይህ ነው። በየቀኑ የሚያስፈልግ መሣሪያ አይደለም።

ሥራው ላይ ስትደርሱ መጀመሪያ መለካት ነው። ፑሌጋው ከመነካቱ በፊት ከሻፍቱ ጫፍ እስከ ፑሌጋው አንገት ፊት ያለውን ርቀት ለኩ። አንዳንዱ ላይ ሁለቱ እኩል ይሆናሉ፣ አንዳንዱ ላይ ሻፍቱ ገባ ወይም ወጣ ይላል። ሲመለስ እዚያው ቦታ መቀመጥ አለበት። ይህን ቁጥር ያልጻፈ ሰው በኋላ በግምት ነው የሚሠራው። ቺንጋ ደግሞ ግምት አይወድም።

የመሣሪያውን ጥርስ ግራሶ ቀቡት። በእጅ ቁልፍ፣ በቀስታ አዙሩ። በአየር የሚሠራውን መፍቻ እዚህ ላይ አታምጡት። እሱ ዞሮ ብቻ አይተውም፣ ይመታል። ከመዶሻው የሸሸነው ለምን ሆነና? በእጅ ስታዞሩ ብረቱ ይነግራችኋል። ጥብቀቱ እኩል ከሆነ ደህና ነው። ድንገት ከከበደ ቁሙ፣ አውጥታችሁ እዩ። እሳትም አይጠጋ። ማገጃዋ ጎማ ናት፣ በሙቀት ትቃጠላለች፤ የመሪ ዘይትም ይነዳል።

ፑሌጋው በተነቀለ ቁጥር ከጥብቀቱ ትንሽ ይቀንሳል። ስትመልሱት ያለ ትግል ከገባ ያ ፑሌጋ አብቅቷል። ሻፍቱን በፑንቶ (በሹል ብረት) ነካክቶ ማሻከር ወይም ማጣበቂያ መቀባት አይቶ እንዳላየ ማለፍ ነው። ሞተሩ እየሠራ ፑሌጋው ቢወጣ ቺንጋው አብሮ ይሄዳል። በብዙ መኪኖች ያው ቺንጋ ዲናሞውንም ያዞራል፣ በአንዳንዱ የውሃ ፓምፑንም። ይህ በሰቃ ዳገት ላይ ወይም በማታ ቦንጋ መንገድ ላይ ቢሆን አስቡት።

ከገባ በኋላ ቀጥ ያለ የብረት ማስመሪያ በፑሌጋውና ቺንጋውን በሚጋሩት ሌሎች ፑሌጋዎች ፊት ላይ አጋድሙ። ብርሃን በመካከል ካለፈ አንዱ ገብቷል ወይም ወጥቷል። ከዚያ ቺንጋውን አስገቡ፣ ዘይት ሙሉ። ሞተሩን ሳታስነሱ የፊት ጎማዎቹን በክሪክ አንሱና መቆሚያ አስገቡ። መሪውን ከጥግ እስከ ጥግ በቀስታ ደጋግማችሁ አዙሩ። አየሩ በአረፋ መልክ እየወጣ ዘይቱ ይወርዳል፤ እየጨመራችሁ ቀጥሉ። አረፋው ሲያልቅ ሞተሩን አስነሱና ይኸንኑ ድገሙት። መሪውን ጥግ ላይ ይዛችሁ ግን አትቆዩ፣ ከ10 ሰከንድ በታች ይሁን። ፓምፑ ጥግ ላይ ነው አብዝቶ የሚጨነቀው።

በመጨረሻ ሞተሩ እየሠራ ፑሌጋውን ከጎን እዩት። ፀጉርም፣ የነጠላ ጫፍም፣ እጅጌም ከቺንጋው ይራቅ። ጠርዙ በአንድ መስመር ላይ ቀጥ ብሎ መዞር አለበት። እየተወላገደ ከዞረ፣ መንገድ ሳትጀምሩ እዚያው ሞተሩን አጥፉት።